ተረከዙ ለምን ይነሳል? ሰውነታቸው ለማይታጠፍላቸው ስፖርተኞች ስለ ቁጭ ብድግ

ቁጭ ብድግን በሁለት ዕድሜያችን እናውቀዋለን። ልጆች ሳለን አርፍደን ስንመጣ በሰልፍ ፊት የምንቀጣበት ነበር፤ ካደግን በኋላ ደግሞ «ስኳት» የሚል ስም ይዞ በጂም ውስጥ የወር ክፍያ የምንከፍልበት ሆነ። በነፃ ስንቀጣበት የነበረውን ዛሬ ከፍለን ስንሠራው ግን አንድ ነገር እንደጎደለን እናስተውላለን። ተረከዝን ከመሬት ሳያነሱ፣ ሳይንገዳገዱ፣ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ አቅቶናል።

በየጂሙ በየቀኑ የሚታይ ትዕይንት አለ። እግሩ የጠነከረ የእግር ኳስ ተጫዋች የብረት ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ መውረድ ይጀምራል። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ተረከዙ ከመሬት ይላቀቃል፤ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይቀራረባሉ፤ ደረቱ ወደ መሬት ይደፋል። አሰልጣኙ «ደረትህን ቀና አድርግ! ዝቅ በል!» እያለ ይጮኻል። ልጁ ደረቱን ቀና ሲያደርግ ወደ ኋላ ሊወድቅ ይቃጣዋል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ወገቡ ይጎብጣል። ሁለቱን ትእዛዞች በአንድ ጊዜ የሚፈጽምበት መንገድ የለውም። ደረቱን የያዘበት ነገር ያለው ማንም በማያየው ቦታ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነውና።

እንዲህ ያለውን ስፖርተኛ «ሰውነቱ አይተጣጠፍም» ብለን እናልፈዋለን። ይህ አባባል ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ከማለት አይሻልም። የት ላይ? ምን ሲያደርጉ? ከፊት ነው ከኋላ? ቁጭ ብድግን የሚያበላሸው ግትርነት ከመጋጠሚያ፣ ከጡንቻ ወይም ከአጥንት ቅርጽ ሊመጣ ይችላል፤ ሰውነት ያልለመደውን ቦታ በመፍራቱም ሊመጣ ይችላል። አንዱ በሁለት ደቂቃ መላ ይገኝለታል፤ ሌላው ወራት ይፈጃል፤ ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ አይለወጥም፣ እሱን ለመለወጥ መታገሉም ራሱ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ ጡንቻን ከመሳብ በፊት የትኛው እንደያዘን ማወቅ ይቀድማል።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ሕግ መያዝ ይበቃል። እንስራ በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ የምትመለስ ሴት ለምን ወደ ፊት ታጎነብሳለች? ቀጥ ብላ ብትቆም እንስራው ወደ ኋላ ይጥላታል። ጎንበስ ስትል የእሷና የእንስራው ክብደት ተደምሮ በእግሯ መሃል ላይ ያርፋል። ቁጭ ብድግም በዚሁ ይተዳደራል። ዘንግ የተሸከመ ሰው ሲወርድም ሲነሳም የጠቅላላ ክብደቱ መሃል ከውስጥ እግሩ መሃል በላይ መቆየት አለበት። ሲወርድ መቀመጫው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያንን ለማካካስ የሆነ ነገር ወደ ፊት መሄድ ይኖርበታል። ወይ ጉልበቱ፣ ወይ ደረቱ። ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍለት ሰው ጉልበቱን ወደ ፊት ይልካል፤ ደረቱም ቀና እንዳለ ይወርዳል። ቁርጭምጭሚቱ እንቢ ያለው ሰው ጉልበቱ ባለበት ስለሚቀር ደረቱን ይልካል። ያም ካልበቃ ተረከዙ ይነሳል። የተደፋው ደረት እንግዲህ ሰውነት ላለመውደቅ የሠራው ሒሳብ ነው። በጩኸት አይስተካከልም።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ማንም የማይለውጠው ቁጥር አለ። የጭን አጥንት ርዝመት ነው። ጭኑ ከደረቱና ከሆዱ ርዝመት አንጻር ረጅም የሆነ ሰው ሲወርድ መቀመጫው ከሌላው ሰው ይልቅ ርቆ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ የግድ የበለጠ ያጎነብሳል። አጭር ጭን ያለው ጓደኛው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሲወርድ እያየ «እኔ ለምን እንደሱ አልሆንም» ቢል ጥያቄው ለወላጆቹ እንጂ ለአሰልጣኙ አይደለም። «ሕፃን ሁሉ ቁጢጥ ይላል፤ የረሳነው እኛ ነን» የሚለው በኢንተርኔት የሚዘወተር አባባልም በዚሁ ምክንያት ግማሽ እውነት ነው። ሕፃን ራሱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር ነው፤ ሒሳቡ ከመነሻው ያደላለታል። ሌላው ግማሽ ግን እውነት ነው። በገጠር አረም ሲያርምና እሳት ዳር ሲያወጋ ቁጢጥ ማለትን የኖረበት ሽማግሌ፣ ወንበርና ሶፋ ላይ ያደገ የከተማ ወጣት የማይደርስበት ቦታ ያለ ጭንቅ ይቀመጣል። የማንገባበት ቦታ ቀስ በቀስ ይዘጋብናል።

ግድግዳውና ማስመሪያው

ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቁርጭምጭሚት ስለሆነ ከሱ እንጀምር። ጫማችሁን አውልቃችሁ ግድግዳ ፊት ቁሙ። የአንድ እግራችሁን አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁ። ተረከዛችሁን ሳታነሱ፣ ውስጥ እግራችሁም ወደ ውስጥ እንዳይደፋ እየጠበቃችሁ ጉልበታችሁን ወደ ግድግዳው ግፉ። ጉልበታችሁ ግድግዳውን ከነካ ቁርጭምጭሚታችሁ ለአብዛኛው ስፖርተኛ የሚበቃውን ያህል ይታጠፋል። ካልነካ እግራችሁን ቀረብ እያደረጋችሁ የሚነካበትን ርቀት በማስመሪያ ለኩና ጻፉት። ሁለቱንም እግር ለኩ። 5 ሴንቲ ሜትር ላይ የቀረ ሰው ጥልቅ ቁጭ ብድግ እንቢ ቢለው አይግረመው። ቀኙ 11፣ ግራው 6 የሆነ ሰው ደግሞ ሲወርድ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድልበትን ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ከቁጥሩ እኩል የሚጠቅም አንድ ጥያቄ አለ። ጉልበቱ ሲቆም የሚይዛችሁ ምኑ ጋ ነው? ከኋላ፣ ባታችሁ ላይ መወጠር ከተሰማችሁ የያዛችሁ ጡንቻ ነው። ከፊት፣ ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ እንደ መጋጨት ወይም እንደ መቆንጠጥ ከተሰማችሁ ግን የያዛችሁ መጋጠሚያው ነው፤ ባታችሁን ዓመት ሙሉ ብትስቡት ብዙ ፈቅ አይልም። ይህኛው በእግር ኳስ ተጫዋቾች ዘንድ የተለመደ ነው። ወጣ ገባ ሜዳ ላይ ሲጫወት ወለምታ ያልደረሰበት ተጫዋች ማግኘት ያስቸግራል። ወጌሻ አሽቶት ወይም በራሱ ጊዜ ድኖ፣ ሕመሙ ጠፍቶ፣ ተጫዋቹም ረስቶት ይሆናል። ቁርጭምጭሚቱ ግን አልረሳም። ከወለምታ በኋላ የመታጠፍ አቅሙ ሳይመለስ የሚቀር ብዙ ሰው አለ፤ ግድግዳው ያንን የቆየ ታሪክ በሴንቲ ሜትር ያወጣዋል።

ባት ለያዘው ሰው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስለኛል። ባታችን ሁለት ዋና ጡንቻዎች አሉት። ላይኛው፣ ከውጭ የሚታየው እብጠት፣ ከጉልበት በላይ ተነስቶ ጉልበትንም ቁርጭምጭሚትንም ያልፋል። ከሥሩ ያለው ሶሊየስ የሚባለው ጠፍጣፋ ጡንቻ የሚነሳው ከጉልበት በታች ነው። ጉልበታችን ሲታጠፍ ላይኛው ጡንቻ ይላላል፤ ሶሊየስ ግን ጉልበት ቢታጠፍም ባይታጠፍም አይመለከተውም። ቁጭ ብድግ ታች ስንደርስ ጉልበታችን ሙሉ በሙሉ የታጠፈ ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የሚይዘን በአብዛኛው ሶሊየስ ነው። ሁሉም ሰው ግን ግድግዳ ገፍቶ፣ የኋላ እግሩን ቀጥ አድርጎ ባቱን ሲስብ ታዩታላችሁ። ያ ለሯጭ ሊጠቅም ይችላል፤ ለቁጭ ብድግ ግን የተሳሳተውን በር ማንኳኳት ነው። ለዚህ የሚሠራው ጉልበትን አጥፎ መሳብ ነው።

ከመሳብም የሚበልጥ አለ። የደረጃ ጠርዝ ላይ በፊተኛው የእግራችሁ ክፍል ቁሙ፤ ጉልበታችሁን ጥቂት አጥፉ፤ ተረከዛችሁን በ3 ሰከንድ ቀስ እያላችሁ ከደረጃው በታች አውርዱ፤ ታች 2 ሰከንድ ቆዩና ተነሱ። 10 ጊዜ፣ በ3 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። ጡንቻው በተለጠጠበት ቦታ ላይ መሥራት ሲለምድ ያንን ቦታ የራሱ ያደርገዋል። መጋጠሚያው ለሚይዛቸው ደግሞ አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከኋላችሁ ከከባድ ነገር ሥር እሰሩ፤ ሌላውን በቁርጭምጭሚታችሁ ፊት፣ ከሁለቱ የጎን አጥንቶች ዝቅ ብሎ፣ ወደ ኋላ እንዲስብ አጥልቁት። ከዚያ እንደ ግድግዳው ፈተና ጉልበታችሁን 15 ጊዜ ያህል ወደ ፊት ግፉ። ወዲያው ግድግዳው ላይ ለኩ። አንድ ሴንቲ ሜትር ካተረፋችሁ ትክክለኛውን ቦታ ነክታችኋል፤ ካልተለወጠ በሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

እስከዚያው ዛሬ ምን ይደረግ? ተረከዛችሁ ሥር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጣውላ ወይም ሁለት ትናንሽ ክብ ብረቶች አስገቡና ደግማችሁ ውረዱ። ደረታችሁ በአንድ ጊዜ ቀና ካለ፣ ጥልቀቱም ከመጣ፣ ችግራችሁ ቁርጭምጭሚት እንደነበር ያለ ሐኪም ተረጋገጠ። እኔ ራሴ ለዓመታት ይህን እንደ ማጭበርበር እቆጥረው ነበር። ኋላ ግን በኦሊምፒክ የሚወዳደሩ ክብደት አንሺዎች ጫማ ተረከዙ ሆን ተብሎ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ እንደሚሠራ ሳውቅ ኩራቴን ዋጥኩት። በዓለም ላይ በጣም ተጣጣፊ ከሆኑት ብርቱዎች መካከል ያሉት ሰዎች ካላፈሩበት እኔ ማን ነኝ?

ጉልበት ከጣት ይለፍ ወይስ አይለፍ

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ጣልቃ እንደሚገባ ይሰማኛል፤ «ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም ተብለን አልነበር?» ተብለናል። እኔም ተብያለሁ፤ ለሌሎችም ብያለሁ። ፍርሃቱ የቆየ ነው። በ1961 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ካርል ክላይን ጥልቅ ቁጭ ብድግ የጉልበትን ጅማቶች ያላላል የሚል ጥናት አወጣ፤ ወሬውም በአሜሪካ የስፖርት ዓለም ፈጥኖ ተዛመተ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያንን ውጤት መድገም አልቻሉም። ፍርሃቱ ግን ከጥናቱ በላይ ዕድሜ አገኘ።

በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን ከሌላ በኩል አሳየ። 7 ክብደት የለመዱ ወንዶች በሁለት መንገድ ቁጭ ብድግ እንዲሠሩ ተደረገ፤ አንድ ጊዜ እንደ ልባቸው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉልበታቸው ከጣታቸው እንዳያልፍ ፊት ለፊታቸው ጣውላ ተደርጎ። ጣውላው ሲከለክላቸው ጉልበት ላይ የሚያርፈው የመዞር ኃይል በ22 በመቶ ያህል ቀነሰ። ዳሌ ላይ የሚያርፈው ግን ከ10 ጊዜ በላይ ጨመረ። ሸክሙ አልጠፋም፤ አድራሻውን ቀየረ። እንስራዋን አስታውሱ። ጉልበት ወደ ፊት ካልሄደ ደረት ይሄዳል፤ ደረት ሲሄድ ወገብና ዳሌ ይከፍላሉ። ቁርጭምጭሚቱ ግትር የሆነ ስፖርተኛ ይህን ጣውላ በየቀኑ በውስጡ ይዞ ይዞራል ማለት ይቻላል።

ጉልበቱ አሁን የሚያመው ሰው ጉልበቱን ወደ ኋላ አድርጎ ለጊዜው መሥራቱ ብልህነት ነው። ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው ግን ተረከዙ መሬት እስካልለቀቀ ድረስ ጉልበቱ ጣቱን ቢያልፍ ይለፍ።

ዳሌና የአጥንት እንቢታ

ጣውላው ተረከዛችሁ ሥር ገብቶም ምንም ካልተለወጠ ወደ ዳሌ እንውጣ። መሬት ላይ በእጃችሁና በጉልበታችሁ ቁሙ፤ ሕፃን እንደሚድህ። ወገባችሁን ሳታጎብጡ መቀመጫችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ተረከዛችሁ መልሱ። ሌላ ሰው ከጎን ይይላችሁ ወይም ስልካችሁን አቁማችሁ ቅረጹ። የሆነ ቦታ ላይ ወገባችሁ መጎበጥ ይጀምራል፤ ያ የዳሌያችሁ መጨረሻ ነው። አሁን ጉልበቶቻችሁን ሰፋ አድርጋችሁ ድገሙ። ከዚያ ይበልጥ አስፉ፤ ከዚያ አጥብቡ። ከነዚህ በአንዱ ስፋት ወገባችሁ ሳይጎብጥ ከሌሎቹ ይልቅ ርቃችሁ ትሄዳላችሁ። ስትቆሙም እግራችሁን ለመክፈት የሚመቻችሁ ስፋት ለዚያ ይቀርባል።

ይህ ፈተና ክብደትም ሚዛንም የሌለበት ስለሆነ ብዙ ያስተምራል። መሬት ላይ እየዳሃችሁ እስከ መጨረሻው በነፃነት የምትሄዱ፣ ቆማችሁ ግን ግማሽ የማትደርሱ ከሆነ ዳሌያችሁ ንጹሕ ነው። ክሱን አንሱለት።

የዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ቦታና በውስጡ የሚዞረው የጭን አጥንት ጫፍ በየሰዉ ይለያያሉ። የአንዱ ጎድጓዳ ወደ ፊት ይመለከታል፣ የሌላው ወደ ጎን፤ የአንዱ ጥልቅ ነው፣ የሌላው ጥልቀት የለውም። ለዚህ ነው አንድ ሰው እግሩን ትከሻውን ያህል ከፍቶ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ሲወርድ የሚመቸው፣ ሌላው ደግሞ ሰፋ አድርጎ ጣቱን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ካላዞረ የማይሆንለት። አንዳንዱማ ግራና ቀኙ ራሱ እኩል አይደለም። «ጣታችሁን ወደ ፊት አድርጉ፤ ሁላችሁም!» የሚል አሰልጣኝ ለሁሉም ተማሪ 42 ቁጥር ጫማ እንደሚያድል ሰው ነው።

ምልክቱን ለዩ። ስትወርዱ ብሽሽታችሁ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ የመቆንጠጥ ስሜት ካለ አጥንት ከአጥንት ጋር የተጠጋበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያ እየገፋችሁ አትሳቡ። እግራችሁን አስፉ፣ ጣታችሁን አዙሩ፣ ካልጠፋም ከዚያ ቦታ ሳትደርሱ መውረዱን አቁሙ። የውስጠኛው ጭን መወጠር ከሆነ ግን የሚሠራበት ነገር ነው። የበሩን መቃን ይዛችሁ ታች ድረስ ውረዱና ክርናችሁን በጉልበታችሁ ውስጠኛ ጎን አስገብታችሁ ጉልበታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ግፉ፤ 30 ሰከንድ ቆዩ፤ ተነሱ፤ 4 ጊዜ ድገሙ። ቡና ሲፈላ መጠበቂያ ይሆናችኋል።

ስለ ኋላ ጭን ጡንቻ አንድ ነገር ልበል፤ ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ ኖሯልና። ቆሞ የእግር ጣቱን መንካት ያቃተው ሰው ቁጭ ብድጉ የተበላሸው በዚያ ምክንያት ይመስለዋል። ይህ ጡንቻ ግን ዳሌንም ጉልበትንም የሚያልፍ ነው። ስንወርድ ዳሌያችን ሲታጠፍ ከላይ ይለጠጣል፤ ጉልበታችን አብሮ ሲታጠፍ ከታች ይላላል። ሁለቱ ይካካሳሉ፤ የጡንቻው ርዝመት ብዙም አይለወጥም። ጣት መንካት ቢቀናችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ቁጭ ብድጋችሁ ግን ያው ነው።

ታች ስንደርስ መቀመጫ ወደ ውስጥ ገብቶ ወገብ የሚጎብጥበትን ነገርም ብዙ ሰው ይፈራዋል። በመጠኑ በሁሉም ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ ቀጥ ያለ የሚመስል ወገብ እንኳ ሲወርድ በጥቂቱ ይታጠፋል። የሚያሳስበው ጉብጠቱ በዓይን ጎልቶ ሲታይና ዘንጉ ከባድ ሲሆን ነው። መላው ቀላል ነው፤ ለኩራት ግን ይከብዳል። ከባዱን ብረት ወገባችሁ እስከሚጸናበት ድረስ ብቻ ውረዱበት፤ ከዚያ በታች ያለውን ጥልቀት በቀላል ክብደት ተለማመዱት።

ባለ 5 ሊትር ጀሪካን

ሌላው ፈተና በማንኛውም ቤት ይገኛል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሙሉ፤ 5 ኪሎ ይሆናል። በሁለት እጃችሁ ደረታችሁ ፊት ዘርጋ አድርጋችሁ ይዛችሁ ውረዱ። ያለ ጀሪካኑ ግማሽ የማይደርስ ሰው በጀሪካኑ እስከ ታች ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ፊቱ ላይ የሚታየው መገረም ያስቃል። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ጡንቻው አልረዘመም፤ አጥንቱም አልተለወጠም። ክብደቱ ከፊት ስለሆነ መቀመጫው ወደ ኋላ ሲሄድ ሚዛኑን ጠበቀለት፤ ሰውነቱም እወድቃለሁ ብሎ መፍራቱን አቆመ። የዚህ ሰው ግትርነት ትልቁ ክፍል ሚዛንና ልምድ ነው፤ ለዓመት ጡንቻውን ቢስብ ድካሙ በከንቱ ነበር።

አሜሪካዊው አሰልጣኝ ዳን ጆን ያስተዋወቀው፣ ክብደትን እንደ ዋንጫ ደረት ላይ አቅፎ የሚሠራው ቁጭ ብድግ በዚሁ ምሥጢር ይሠራል። ሰውነቱ ለማይተጣጠፍ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ደምቤል (በእጅ የሚያዝ አጭር ክብደት) አቅፎ፣ በ3 ሰከንድ ወርዶ፣ ታች ትንፋሽን ሳይለቁ 2 ሰከንድ ቆይቶ መነሳት። ጀርባ ላይ ዘንግ መሸከም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መውረጃው ጠፍቶበት የሚደነግጥ ሰው ከኋላው አግዳሚ ያስቀምጥ፤ መቀመጫው እስኪነካው ወርዶ ይነሳ፤ በየሁለት ሳምንቱ ዝቅ ወዳለ ነገር ይሸጋገር፤ መጨረሻ ላይ በርጩማ ይበቃዋል።

ጡንቻን መሳብ በራሱ ምን እንደሚያደርግም ማወቅ ይጠቅማል። በጥቂት ሳምንታት መሳብ የሚገኘው ለውጥ በአብዛኛው ጡንቻው ስለረዘመ ሳይሆን የነርቭ ሥርዓታችን መወጠሩን መታገሥ ስለለመደ ነው የሚለው ማብራሪያ ዛሬ በተመራማሪዎች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ስለዚህ ዘወትር ጥቂት ጥቂት መሥራት በሳምንት አንድ ቀን ከመሰቃየት ይበልጣል፤ ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ተደምሮ 5 ደቂቃ ያህል ከተገኘ ጥሩ ነው። በ2021 የታተመ፣ ቀደም ያሉ 11 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ ደግሞ ክብደት ማንሳት የመተጣጠፍ አቅምን በመጨመር ከመሳብ ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከባድ ብረት ከማንሳት በፊት አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ስቦ መያዝ የጡንቻውን ኃይል ለጊዜው ይቀንሰዋል። ረጅሙን መሳብ ከልምምድ በኋላ ወይም ማታ ቤታችሁ አድርጉት።

ትከሻና የላይኛው ጀርባ ከባድ ችግር የሚሆኑት ዘንጉን ጀርባው ላይ ሲይዝ ክርኑ ወይም ትከሻው ለሚያመው ሰው ነው። እጅን ሰፋ አድርጎ መያዝ ብዙውን ያቃልላል፤ ካልሆነም ዘንጉን ከፊት፣ ክንድን አጣምሮ መያዝ አለ።

ስንት ጥልቀት ይበቃል?

ይህ በስፖርቱ ይወሰናል። በዓለም አቀፍ የፓወርሊፍቲንግ (ቁጭ ብድግ አንዱ የውድድር ዓይነቱ የሆነ የብረት ማንሳት ስፖርት) ሕግ ዳሌ የሚታጠፍበት ቦታ ላይኛው ገጽ ከጉልበት አናት በታች ካልወረደ ሙከራው አይቆጠርም። የኦሊምፒክ ክብደት አንሺ ከዚያም በታች፣ ባቱ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ብረቱን አይቀበለውም። ለእግር ኳስ ተጫዋችና ለአጭር ርቀት ሯጭ ጭን ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት ጥልቀት ከደረሰ ብዙ ሥራ ይሠራል።

የረጅም ርቀት ሯጭ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው፤ የሯጭ አገር ሰዎች ስለሆንን ልናውቀው ይገባል። ሲሮጡ የተረከዝ ጅማት እንደ ሞላ ተወጥሮ፣ ኃይል አጠራቅሞ፣ መልሶ ይሰጣል። የላላ ሞላ ብዙ አይመልስም። በ2002 የታተመ ጥናት ዓለም አቀፍ ደረጃ ያላቸው 34 የረጅም ርቀት ሯጮችን ሲመለከት፣ ተቀምጠው ወደ እግር ጣታቸው ለመድረስ በተደረገው ፈተና ብዙ ያልደረሱት በእኩል ፍጥነት ሲሮጡ ያነሰ ኦክስጅን የመጠቀም አዝማሚያ አሳይተዋል። ስለዚህ እንጦጦ ዳገት ላይ ያደገ ባት ግትር ቢሆን ሥራው የሰጠው ነው። ያንን ሯጭ ለቁጭ ብድግ ሲባል እንደ ጅምናስቲክ ስፖርተኛ ለማለስለስ መታገል እየበሉበት ያለውን መሶብ እንደ መስበር ይሆንብኛል። ተረከዙን ከፍ አድርጎ፣ ደምቤል አቅፎ፣ እስከ ትይዩ ብቻ ይውረድ፤ ለእግሩ የሚያስፈልገውን ጥንካሬ እዚያ ያገኛል።

ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ትቶ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ይሂድ። ጉልበቱ የሚያብጥ፣ ዳሌው የሚቆለፍ፣ ከወገቡ ወደ እግሩ የሚወርድ መደንዘዝ ያለበት ሰው ጉዳዩ የመተጣጠፍ አይደለም።

ለሌላው ሰው ጊዜው ምን ያህል ነው? ለውጡን የሚነግራችሁ መስታወት አይደለም፤ ማስመሪያው ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሰውነታችሁን ካሟሟቃችሁ በኋላ ግድግዳው ፊት ለኩ፤ የጠዋትና የማታ ቁርጭምጭሚት አንድ አይደሉም። ቁጥሩ ከ6 ወደ 8 ሲሻገር ተረከዛችሁ ሥር ያለውን ጣውላ በቀጭን ለውጡት። በቀጭኑ 3 ሳምንት ሠርታችሁ ደረታችሁ ካልተደፋ፣ በማሟሟቂያ ዙሮች ላይ ያለ ጣውላ ሞክሩ፤ ከባዱን ዙር ግን ገና በጣውላው። አንዳንዱ ሰው በሁለትና በሦስት ወር ጣውላውን ጨርሶ ይጥለዋል። የሌላው ቁጥር 8 ላይ ይቆምና ፈቅ አይልም፤ እሱ ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው ጫማ ይግዛ ወይም ጣውላውን በቦርሳው ይዞ ይዙር።